ዮሐንስ አሞስ ኮሜኒዩስ፤ የተማሪን ልብ ለማንቃት የደከመ መምህር

ይህ መጽሐፍ ለደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል መታሰቢያ እንዲሆን የተዘጋጀ ስለ ሆነ፣ ደብርን ደብር ካሰኙት ሥራዎች አንዱ ልጆችን ማስተማር መሆኑን የሚዘነጋ አንባቢ ይኖራል ብዬ አላስብም። በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተቀምጦ ሀሁ ያልቈጠረ፣ መልእክተ ዮሐንስን በጣቱ እየተከተለ ያላነበበ ሰው ከመካከላችን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከአባቶቻችን ታሪክ አጠገብ የአንድ መምህር ታሪክ ቢቀመጥ የተገባ ነው በማለት፣ የዮሐንስ አሞስ ኮሜኒዩስን ሕይወት በአጭሩ ልጽፍ አሰብሁ። ሰውየው የአገራችን ሰው አይደለም፤ በሃይማኖትም ከእኛ ጋራ አንድ አይደለም። ነገር ግን ዓይኑን ወደ መምህሩ አቅንቶ ልቡ ከሜዳ የሚጫወተውን ልጅ እንዴት አድርጎ መመለስ እንደሚቻል እንደ እርሱ አብዝቶ ያሰበና የጻፈ መምህር በዘመኑ ጥቂት ነው። ይህ ነገር ደግሞ ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤታችን የሚያስተምሩትን ወጣቶች ሁሉ የሚያስጨንቅ ነገር መሆኑን፣ አስተማሪዎቹ ራሳቸው ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ኮሜኒዩስ በአገሩ ቋንቋ ኮሜንስኪ ይባላል። የተወለደው ዛሬ የቼክ ሪፑብሊክ ክፍል በሆነችው በሞራቪያ በማርች 28 ቀን 1592 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው የዘመን ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) የትውልዱን ቦታ ክብር ሦስት አጎራባች ቀበሌዎች፣ ኡሄርስኪ ብሮድ፣ ኒቭኒትሴና ኮምኛ፣ ለየራሳቸው ይሻሙበታል። ወላጆቹ የወንድሞች ማኅበር ከሚባለው ክፍል ነበሩ። ይህ ማኅበር በ1415 በእሳት የተቃጠለው የቦሔሚያው ያን ሁስ ያስተማረውን ተከትለው የተነሡ ሰዎች በ1457 ያቋቋሙት ሲሆን፣ በቍጥር ጥቂት፣ በሥራና በንባብ ግን የታወቀ ነበረ።

ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት በሞላው ጊዜ አባቱ ሞተ። ብዙም ሳይቈይ እናቱና ሁለት እኅቶቹ ተከተሉ። ከዚህ በኋላ አክስቱ ዘንድ ስትራዥኒትሴ በምትባል ከተማ ተቀመጠ፤ ነገር ግን በ1605 ከሀንጋሪ ወገን የመጣ ጭፍራ ከተማይቱን አጠፋት፤ ትምህርት ቤቱም ተበተነ። ከዚያ ወዲያ ለዚህ ድኻ አደግ ትምህርት የሚጨነቅለት ሰው አልተገኘም። ፕሼሮቭ ወደሚባለው አገር ሄዶ ሮማይስጥን፣ ማለት የላቲንን ቋንቋ፣ መማር የጀመረው ዐሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶት ነው። በዚያ ዘመን የመጻሕፍት በር ሁሉ የሚከፈተው በሮማይስጥ ነበረና፣ እኩዮቹ በስምንትና በዘጠኝ ዓመታቸው የጀመሩትን እርሱ ጢም ሊያበቅል ሲቃረብ ጀመረ።

ይህ መዘግየት ለእርሱ ኀዘን ቢሆንም ለሌላው ዓለም ሳይጠቅም አልቀረም። ሕፃን ሆኖ የገባ ልጅ የሚያገኘውን ትምህርት መልካምም ይሁን ክፉ፣ ነገር ሁሉ እንዲሁ ነው ብሎ ይቀበለዋል። ኮሜኒዩስ ግን በዐዋቂ ዓይን አየው። ሕፃናቱ ገና ያላወቁትን ቋንቋ ሰዋስው በዚያው ባላወቁት ቋንቋ ተጽፎ ሲያጠኑ፣ ትርጓሜው ያልገባቸውን ቃል በቃላቸው ሲደግሙ፣ ሲሳሳቱ በበትር ሲመቱ ተመለከተ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ዓመታት ቈይተው ምንም ሳይዙ ይወጡ ነበር። በኋላ በጻፈው መጽሐፍ የእርሱና የብዙ ሺህ ልጆች የጉብዝና ወራት በዚህ ዓይነት በከንቱ ማለፉን እያነሣ አልቅሷል።

በ1611 ወደ ጀርመን አገር ወርዶ በሄርቦርን፣ ቀጥሎም በሃይደልበርግ ተማረ። በሄርቦርን ዮሐንስ ሄንሪክ አልስቴድ ከሚባለው፣ ዕውቀትን ሁሉ በአንድ ሥርዐት ለመሰብሰብ ከሚጥረው መምህር ብዙ ነገር ቀሰመ። በሃይደልበርግ ሳለ ኮፐርኒክ ስለ ሰማይ አካላት ዙረት በገዛ እጁ የጻፈውን መጽሐፍ ገዛና፣ በ1614 እስከ አገሩ ድረስ በእግሩ ተጓዘ። ያ የእጅ ጽሑፍ ዛሬ በፖላንድ አገር በክራኮው ከተማ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እርሱ ራሱ መሬት ትዞራለች የሚለውን አሳብ ሳይቀበል መሞቱን ሳስብ፣ ያልተቀበለውን መጽሐፍ በብርቱ ዋጋ ገዝቶ የሚያኖር ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደ ሆነ ይታየኛል።

አገሩ ገብቶ በተማረበት በፕሼሮቭ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ወዲያውም ለልጆች ቀለል ያለ ሰዋስው ጽፎ በ1616 አሳተመ። በዚሁ ዓመት ቅስና ተቀበለ። በ1618 በፉልኔክ ከተማ የወንድሞች ማኅበር ካህንና የትምህርት ቤቱ አለቃ ሆኖ ተሾመ፤ ሚስትም አገባ፤ ልጆች ወለደ። ሰላም አግኝቶ የኖረበት ጊዜ ይህ ሦስት ዓመት ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኖቬምበር 8 ቀን 1620 በፕራግ አጠገብ በነጭ ተራራ በተደረገው ጦርነት የቦሔሚያ ሰዎች ተሸነፉ። የድሉ ባለቤት የነበረው የሀብስቡርግ ንጉሠ ነገሥት ከሮማ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆነውን ሁሉ ማሳደድ ጀመረ። በ1621 የእስፓኝ ጭፍሮች ፉልኔክን ዘረፉ፤ ኮሜኒዩስም ሚስቱንና ሁለት ሕፃናቱን ትቶ ሸሸ። በ1622 ሦስቱም በቸነፈር ሞቱ። በተከተለው ዓመት መጻሕፍቱ ከከተማዋ ገበያ ላይ ተከምረው ተቃጠሉ። እርሱ በባላባቶች ርስት ላይ ተሸሽጎ ሳለ፣ የዚህን ዓለም መንገድ ግራ የሚያጋባ ከተማ፣ የልብን ጓዳ ግን የዕረፍት ቦታ አድርጎ የሚያሳየውን ታላቁን የቼክ ቋንቋ መጽሐፉን ጻፈ። የቼክ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ይህን መጽሐፍ ከጽሑፋቸው ሁሉ ከላይ ከሚያደርጓቸው መካከል ይቈጥሩታል።

በ1628 ክረምት ከወንድሞቹ ጋራ ተራራውን ተሻግሮ በፖላንድ አገር ሌሽኖ ወደምትባል ከተማ ገባ። ወደ አገሩ ዳግመኛ ሊኖርባት አልተመለሰም። ነገር ግን ያን ጊዜ ይህን አላወቀም፤ ስደቱ ጥቂት ዓመት ቈይቶ ያልፋል፣ ስንመለስም አገራችንን የምናቆማት በትምህርት ቤት ነው ብሎ ያምን ነበር። ታላቁ የማስተማር መጽሐፉ የተጀመረው በዚህ ተስፋ ነው፤ ስለዚህም መጀመሪያ የጻፈው በሮማይስጥ ሳይሆን በገዛ ወገኖቹ ቋንቋ ነው።

በሌሽኖ ሲያስተምር በ1631 የቋንቋዎች በር የሚባለውን መጽሐፍ አወጣ። በዚህ መጽሐፍ ስምንት ሺህ ያህል የሮማይስጥ ቃላት በ1000 ዐረፍተ ነገርና በ100 ምዕራፍ ተደልድለዋል። ልጁ ስለ እሳት፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ዛፍ፣ ስለ ቤት፣ ስለ እርሻ፣ ስለ ምግባር እያነበበ ሲሄድ ቋንቋውን ከነገሩ ጋራ አብሮ እንዲያገኝ የተዘጋጀ ነው። መጽሐፉ በጥቂት ዓመት ውስጥ በአውሮፓ ቋንቋዎች ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር ብዛት ተተርጕሞ፣ የጸሐፊው ስም ከስደተኞች መንደር ተነሥቶ በነገሥታት አደባባይ ተሰማ። የመጽሐፉን አሳብና ስሙን ያገኘው ግን በእስፓኝ አገር በሳላማንካ ይኖሩ ከነበሩ የአየርላንድ ኢየሱሳውያን መምህራን መሆኑን ሳይደብቅ ተናግሯል። ከአገሩ ያሳደዱት የዚያው የሮማ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ነበሩ። መልካም የማስተማር ዘዴ ከተገኘ ከማንም እጅ ቢሆን መቀበልን አላፈረበትም።

አሁን የተነሣሁበትን ነገር ጥቂት ላስፋፋ። በታላቁ የማስተማር መጽሐፉ ውስጥ አንድ መምህር ብዙ ልጆችን በአንድ ጊዜ ልባቸውን ሰብስቦ እንዴት እንደሚይዝ የሚናገር ክፍል አለ። ኮሜኒዩስ መምህሩን በፀሐይ ይመስለዋል። ፀሐይ ለእያንዳንዱ ቅጠል ለብቻው እየዞረች አታበራም፤ ከፍ ብላ ለሁሉ ታበራለች እንጂ። እንዲሁም መምህሩ ከፍ ባለ ስፍራ ቆሞ ዓይኑን ከልጆቹ ፊት ሳያነሣ፣ ማንም ከእርሱ በቀር ወደ ሌላ እንዳይመለከት እያስተዋለ እንዲያስተምር ይፈልጋል። ነገር ግን መመልከት ብቻ እንደማይበቃ ያውቃል። ትምህርቱ ከመጀመሩ አስቀድሞ የሚማሩት ነገር ምን እንደሚጠቅም፣ ምን ደስ የሚያሰኝ ነገር እንዳለበት ለልጆቹ ሊነገራቸው ይገባል። ወይም ደግሞ የሚያውቁትን ጠይቆ የሚጐድላቸውን እንዲያዩ ማድረግ ነው፤ አለማወቁን ያየ ልጅ ለማወቅ ይራባልና። በሚቻልበት ጊዜ ሁሉ ነገሩ ራሱ ለዓይን ይቅረብ፤ የሚሰማውን በጆሮ፣ የሚሸተውን በአፍንጫ፣ የሚዳሰሰውን በእጅ ያግኙት ይላል። ነገሩ ከሌለ ሥዕሉ ይቅረብ።

ከሁሉ ይልቅ እኔን ያስደነቀኝ ስለ መጠየቅ የደነገገው ነው። መምህሩ በንግግሩ መካከል በድንገት ቆም ብሎ፣ እገሌ፣ አሁን ምን አልሁ፣ እንዴት ወደዚህ ነገር ደረስን ብሎ ይጠይቅ። የተጠየቀው ልጅ ሳይሰማ ቀርቶ ዝም ቢል ጥያቄው አይደገምለት፤ ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ሦስተኛው፣ ወደ ዐሥረኛው፣ ቢያስፈልግም ወደ ሠላሳኛው ይለፍ። ጥያቄው እንደማይደገም ያወቀ ልጅ ጆሮውን ከፍቶ ይቀመጣል። አንዱ የሳተውን ሌላው ሲመልስ ደግሞ መላሹ በሁሉ ፊት ይመስገን፤ ጓደኞቹ ሊመስሉት ይተጋሉና። አንዳንድ ጊዜም ጥያቄው ለማንም ሳይሰየም ለሁሉ ይጣልና አስቀድሞ የመለሰው ይከበር። በመጨረሻም ትምህርቱ ሲፈጸም ተራው ይገለበጥና ልጆቹ መምህሩን ይጠይቁ፤ የማይጠይቅ ልጅ ወይ ሁሉን አውቋል ወይ ምንም አልሰማም። ከሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን አንዱ ይህን ሥርዐት አንድ ወር እንኳ ቢፈትነው ውጤቱን ለማየት ረጅም ጊዜ መጠበቅ አያስፈልገውም።

ብዙ ተማሪ በሚኖርበት ጊዜ ዐሥር ዐሥር እያደረጉ ከፍሎ ለየክፍሉ ከራሳቸው መካከል የተሻለውን አሥር አለቃ መሾም ይገባል ይላል። ይህ ነገር ለእኛ አዲስ አይደለም። የቆሎ ተማሪ የሆነ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በአብነት ትምህርት ቤታችን ፊደል የጨረሰው ፊደል ለሚቈጥረው፣ ዳዊት የደገመው መልእክት ለሚያነበው እያስጠና፣ የኔታ ከላይ ሆነው ሁሉን ይጠብቃሉ። ኮሜኒዩስ ግን በዚህ ዓይነት አንድ መምህር መቶ ልጅም ቢሆን ሊያስተምር ይችላል እስከ ማለት ደርሷል፤ እንዲያውም ብዛታቸው ያነቃቸዋል ይላል። በዚህ ነገር ከእርሱ ጋራ አልስማማም። መቶ ልጅ በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ የሚያውቅ ሰው ከኋላ የተቀመጡት የሚሠሩትን ያውቃል።

ስለ ቅጣት ሲጽፍ ደግሞ ልጅ ስለ ምግባሩ እንጂ ትምህርት ስላልገባው መመታት እንደማይገባው ይናገራል። ልጁ ካልተማረ ጥፋቱ የመምህሩ ነው፤ ወይ ማስተማር አላወቀም፤ ወይ አልወደደም። ክራሩ ወይም መሰንቆው ድምፁ የተበላሸበት ሰው ጅማቱን አጥብቆ ወይም አላልቶ ያስተካክለዋል እንጂ በጡጫ እንደማይመታው፣ መምህሩም የልጁን ልቡና እንዲሁ ያቃና ዘንድ ይመክራል። የትምህርቱም ሰዓት በቀን ከአራት እንዳይበልጥ፤ ሁለቱ ጧት፣ ሁለቱ ከሰዓት በኋላ እንዲሆኑ፤ ጧት ለልቡና፣ ከሰዓት በኋላ ለእጅ ሥራና ለድምፅ እንዲሰጥ አሰበ። ከዚህም ሁሉ በላይ ትምህርት ለባለጠጋና ለድኻ፣ ለወንድና ለሴት ልጅ አንድ ሆኖ እንዲሰጥ ጠየቀ። በዘመኑ ይህን የሚናገር ሰው እንደ ሕልመኛ ይቈጠር ነበር።

ዝናው እየሰፋ በሄደ ጊዜ ወዳጆቹ ወደ እንግሊዝ አገር ጠሩትና በ1641 ለንዶን ገባ። የዕውቀት ሁሉ መሰብሰቢያ የሚሆን ታላቅ ጉባኤ ሊያቋቁም አሳብ ነበረው፤ ነገር ግን በንጉሡና በፓርላማው መካከል ጠብ ተነሥቶ አገሩ ወደ ጦርነት ስለ ሄደ፣ በ1642 ወጣ። በመንገዱ በሆላንድ አገር ፈላስፋውን ዴካርትን አግኝቶ አራት ሰዓት ያህል ተነጋገሩ፤ ሳይስማሙ በፍቅር ተለያዩ። ከዚያ የስዊድን መንግሥት ለትምህርት ቤቶቹ መጻሕፍት እንዲጽፍ ቀጠረውና በባልቲክ ባሕር ዳር በኤልቢንግ ስድስት ዓመት ተቀመጠ። ይህን ሥራ አልወደደውም፤ ነገር ግን ስዊድን በእርቁ ጊዜ ለወገኖቹ ታስብላቸዋለች በሚል ተስፋ ታገሠ። በ1648 የዌስትፋሊያ እርቅ በተፈረመ ጊዜ የወንድሞች ማኅበር ምንም ሳያገኝ ቀረ። ሁለተኛዪቱ ሚስቱ የሞተችው፣ እርሱም የማኅበሩ ዋና ኤጲስ ቆጶስ የሆነው በዚሁ በ1648 ነው። ከእርሱ በኋላ በማኅበሩ ዋና መንበር የተቀመጠ የለም።

በ1650 በሀንጋሪ አገር ሻሮሽፓታክ በምትባል ከተማ የምትገዛው ልዕልት ዡዣና ሎራንትፊ ትምህርት ቤቷን እንዲያድስላት ጠራችው። ሰባት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት አስቦ ነበር፤ ሦስቱ ብቻ ተከፈቱ። በዚያ ያገኛቸው ተማሪዎች የባላባት ልጆችና ብዙዎቹ ለመማር ፈቃድ የሌላቸው ሆኑበት። መጽሐፍ ጽፎ ዓለምን ያስደነቀ ሰው በፊቱ ከተቀመጡት ወጣቶች ልብ መግባት ተሳነው። መምህራኑም ቢሆኑ የለመዱትን ትተው አዲስ ነገር ለመሞከር አልፈለጉም። በ1652 ስንፍናን ከትምህርት ቤት ስለ ማስወጣት አንድ ንግግር ጻፈ፤ በዚያም ጥፋቱን በተማሪው ላይ ብቻ አልጣለም፤ የመምህሩ ስንፍና የተማሪውን እንደሚወልድ አሳየ። ንግግሩ ግን ብቻውን የለወጠው ነገር አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ከሕይወቱ ሁሉ ለእኔ ደስ የሚያሰኘኝ ነው። የቋንቋዎች በር የሚባለውን መጽሐፉን በስምንት ቴአትር ከፍሎ ጻፈው። በመጽሐፍ ላይ የነበረው ትምህርት ሁሉ፣ የሰማይና የምድር ፍጥረት፣ የሰው አካል፣ የእጅ ሥራ ዓይነት፣ የትምህርት ቤት ሥርዐት፣ የቤተ ሰብና የከተማ ኑሮ፣ በሰው ተመስሎ በሮማይስጥ እየተናገረ ይወጣል። ነገር ግን ቴአትር ለትምህርት ቤት የሚገባ አይደለም፣ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ተነሡበትና ብዙ ጊዜ ዘገየ። በመጨረሻ በተፈቀደለት ጊዜ ሰነፍ የተባሉት ወጣቶች ያንን ሁሉ ቃል አጥንተው በወላጆቻቸውና በመኳንንቱ ፊት ተጫወቱት። ከአፋቸው ቃል ማውጣት የተሳናቸው ልጆች በሕዝብ ፊት ቆመው ተናገሩ። በበትር ያልተገኘው ነገር፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የሚሠራው ድርሻ ስለ ተሰጠውና የሚያየው ሰው ስላገኘ ተገኘ። ቴአትሮቹ የታዩት በ1653ና በ1654 ነው፤ እርሱም በ1654 ወደ ሌሽኖ ተመለሰ።

በዚያው በሻሮሽፓታክ ሳለ ስሙን እስከ ዛሬ የሚያስጠራውን፣ ዓለምን በሥዕል የሚያሳየውን መጽሐፍ ለሕፃናት አዘጋጀ። በዚያ አገር ሥዕሉን በእንጨት ላይ የሚቀርጽ ብልህ ሠራተኛ ስላልተገኘ ሥራው ወደ ጀርመን አገር ወደ ኑርንበርግ ተላከና በ1658 ታተመ። መጽሐፉ 150 ያህል ምዕራፎች አሉት፤ ከየምዕራፉ በላይ ሥዕል አለ፤ ከሥዕሉ በታች በሮማይስጥና በጀርመንኛ ጐን ለጐን ተጽፏል። በሥዕሉ ላይ ባሉት ነገሮች አጠገብ ትንንሽ ቍጥር ተደርጓል፤ ያው ቍጥር በጽሑፉ ውስጥ ከነገሩ ስም አጠገብ ይገኛል። ልጁ አናጢውን በሥዕል ሲያይ፣ ይህ መጥረቢያ ነው፣ ይህ መጋዝ ነው እያለ ጣቱን ከቍጥር ወደ ቍጥር ያስኬዳል። ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን እንኳ ሥዕሉን ለማየት ሲል መጽሐፉን ይፈልገዋል።

ፊደል ያስተማረበት መንገድ ከሁሉ ያስቃል። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ለየፊደሉ የሚጮኽ ነገር ተሥሏል። ቍራው ኣ ኣ ይላል፤ በጉ በ ይላል፤ እባቡ ስ እያለ ይነፋል፤ ተኵላው ሉ ይላል፤ ድመቷ ና እያለች ታለቅሳለች። ልጁ የፊደሉን ድምፅ ከእንስሳው ድምፅ ጋራ ስለሚያገኘው፣ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ጩኸትና ሣቅ ሳይበዛ አልቀረም። ከዚህ ተነሥቶ መጽሐፉ ከእግዚአብሔር፣ ከዓለም፣ ከሰማይ ጀምሮ በአዕዋፍና በእንስሳት፣ በእንጀራ ጋጋሪውና በአንጥረኛው፣ በመርከብና በማተሚያ ቤት በኩል አልፎ በመጨረሻው ፍርድ ያበቃል። የጀርመን ታላቅ ባለ ቅኔ ጎቴ በሕፃንነቱ የተመለከተው መጽሐፍ ይህ ነበረ። በተከተሉት ሁለት መቶ ዓመታት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ታተመ ለመቍጠር ያስቸግራል።

ነገር ግን እውነቱን ለመናገር፣ በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ትምህርት ቤትን የሚያሳየው ሥዕል ሲታይ መምህሩ በወንበሩ፣ ልጆቹ በአግዳሚ ተቀምጠው፣ የሚያወሩትና የሚቀብጡት ደግሞ በበትር እንደሚቀጡ ከታች ተጽፏል። ሰው ካደገበት ዘመን ፈጽሞ ሊወጣ አይችልም።

እዚህ ላይ ከአገራችን ታሪክ ጋራ የሚገናኝ አንድ ነገር አለ። በጀርመን የጎታ መስፍን የነበረው ኤርንስት በ1642 ለግዛቱ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሥርዐት አውጥቶ ነበር፤ ሥርዐቱን የጻፈው አንድሬአስ ራይሄር የራትኬንና የኮሜኒዩስን አሳብ የተከተለ ሰው ነው። የመካነ ሥላሴው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ በሮማ ከተማ ያወቃቸው ሂዮብ ሉዶልፍ ሲጠራቸው በ1652 ወደዚህ መስፍን ቤት መጥተው ተቀመጡ፤ ለሉዶልፍም የግዕዝንና የአማርኛን ነገር አስረዱት። በኋላ በአውሮፓ የታተመው የአማርኛ ሰዋስው የዚህ ፍሬ ነው። ስለዚህ ኮሜኒዩስ በሀንጋሪ የሰነፎችን ልብ ለማንቃት በሚታገልበት በዚያው ዓመት፣ የእኛ አገር መምህር የእርሱ አሳብ በተዘራበት ግዛት ውስጥ አንድ እጅግ ትጉህ ተማሪ ያስተምሩ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲጓዙ መርከባቸው ተሰብሮ የሰጠሙት በ1658 ነው፤ የሥዕሉ መጽሐፍ የታተመበት ዓመት።

ወደ ኮሜኒዩስ ልመለስ። ከሻሮሽፓታክ ወደ ሌሽኖ በተመለሰ በሁለተኛው ዓመት ሌላ መከራ ደረሰበት፤ በዚህ ግን እርሱ ራሱ ከጥፋት ነፃ አይደለም። በ1655 የስዊድን ንጉሥ ካርል ጉስታቭ ፖላንድን በወረረ ጊዜ፣ ለሃያ ሰባት ዓመት ያስጠጋው የፖላንድ ሕዝብ ሲወረር ለወራሪው የምስጋና ጽሑፍ ጻፈ። ስዊድን ለወገኖቹ ነፃነት ታመጣለች ብሎ ነበር። በኤፕሪል 1656 የፖላንድ ሰዎች ሌሽኖን አቃጠሏት። ከቤቱ ጋራ መጻሕፍቱ፣ ከወጣትነቱ ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ የሰበሰበው የቼክና የሮማይስጥ መዝገበ ቃላትም ተቃጠለ። ሚስትና ልጆች ሞተውበት ያልተሰበረ ሰው ስለዚህ መዝገበ ቃላት እስከ ዕለተ ሞቱ ኀዘኑ አልወጣለትም።

ሁለተኛው ጥፋቱ ትንቢት እንናገራለን ለሚሉ ሰዎች ጆሮውን መስጠቱ ነው። ስለ ሀብስቡርግ መንግሥት መውደቅ የተነበዩ የሦስት ሰዎችን ቃል ሰብስቦ በ1657 አሳተመ። ትንቢቱ አልደረሰም። ከሦስቱ አንዱ የልጅነት ጓደኛው ሚኩላሽ ድራቢክ በ1671 በሞት ተቀጣ። ጠላቶቹ ይህን ነገር ይዘው ስሙን ለብዙ ዘመን አጐደፉት፤ ከእነርሱም አንዳንዱ የማስተማር መጻሕፍቱን ሳይቀር አብሮ ናቀ። ልጆችን የሰሙትን ሁሉ መርምረው እንዲቀበሉ የሚያስተምር ሰው፣ እርሱ ራሱ ሳይመረምር መቀበሉ ያሳዝናል። ስደት የረዘመበት ሰው ግን ተስፋ ከየትም ቢመጣ ይዘረጋለታል፤ ይህንንም አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

የቀረውን ዕድሜውን በአምስተርዳም አሳለፈ። የከተማው ሹማምንት አክብረው ተቀበሉት፤ በ1657ም የማስተማር መጻሕፍቱን ሁሉ በአንድነት እንዲያሳትም ረዱት። በወጣትነቱ ለአገሩ መመለሻ ብሎ የጀመረው ታላቁ የማስተማር መጽሐፍ በሮማይስጥ ለዓለም የወጣው ያን ጊዜ ነው፤ እርሱም ስድሳ አምስት ዓመቱ ነበረ። ትልቁ ሥራው ስለ ሰው ልጆች ነገር ሁሉ መታረም የሚናገረው ሰባት ክፍል ያለው መጽሐፍ ነበረ፤ ሳይፈጽመው በኖቬምበር 15 ቀን 1670 ሞተና በአምስተርዳም አጠገብ በናርደን ከተማ ተቀበረ። ይህ መጽሐፍ ለሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ያህል ጠፍቶ ከቈየ በኋላ፣ በጀርመን አገር በሃሌ የድኻ አደጎች ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ዲሚትሪ ቺዜቭስኪ የሚባል ሊቅ አገኘውና በ1966 በፕራግ ታተመ። አባቱንና እናቱን በልጅነቱ ያጣው ሰው መጽሐፉ በድኻ አደጎች ቤት ተጠብቆ መገኘቱን አስተውሉ።

በናርደን የተቀበረባት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በ1937 የመታሰቢያ ቦታ ሆና ተከፈተች። በቼክና በስሎቫኪያ አገር የመምህራን ቀን የሚከበረው በተወለደበት ቀን በማርች 28 ነው፤ በዚያ ቀን ልጆች ለመምህራቸው አበባ ይዘው ይሄዳሉ። በቼክ የ200 ኮሩና የገንዘብ ኖት ላይ ረጅም ጢም ያለው የሽማግሌ ፊቱ ታትሟል፤ በኖቱ ጀርባም አንድ የትልቅ ሰው እጅና አንድ የሕፃን እጅ ተነካክተው ይታያሉ።